የድሮን እሽቅድምድም ክለብ ልታቋቁሙ ነው? በማን ጥላ ሥር መግባት ይሻላል?

ባለፈው ሰመር የእህቴን ልጅ ይዤ ከዋሽንግተን ዲሲ ራቅ ወዳለ የገጠር ሜዳ ሄድኩ። የድሮን እሽቅድምድም አለ ተብለን ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ምንም አልገባኝም። አራት ሰዎች ዓይናቸውን በትልቅ መነጽር ሸፍነው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አየሩ በተቆጣ ንብ ድምፅ ተሞልቷል። የሆነ ነገር ሽው ይላል፤ ዞር ስትሉ የለም።

ከዚያ አንድ ሽማግሌ ትርፍ መነጽር ይዘው መጡ። ልጁ ዓይን ላይ አደረጉለትና ከተወዳዳሪዎቹ የአንዱን ቻናል ከፈቱለት። ልጁ ጮኸ። አብራሪው የሚያየውን እሱም እያየ ነው። ድሮኑ በር ውስጥ ሲገባ ጎንበስ ይላል፤ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል። ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበረም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የሰፈራችን ወላጆች ለልጆቻችን ትንሽ ክለብ ለማቋቋም እየተነጋገርን ነው። ሁልጊዜ የምንቆመው አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ በማን ሥር እንግባ? ይህ ስፖርት እንደ እግር ኳስ አንድ ባለቤት የለውም። የተለያዩ አካላት በተለያየ መንገድ ሊያሳድጉት ይጥራሉ። አንዱ በዓለም ሻምፒዮና፣ አንዱ በሰፈር ክለብ፣ አንዱ በቴሌቪዥን። ሦስቱንም ለረጅም ጊዜ ስከታተል ቆይቻለሁ። የምለካቸው በአንድ ነገር ነው፦ ዛሬ መጥቶ ድሮኑን የሰበረ ልጅ በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመልሶ እንዲመጣ ማን ያደርገዋል? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስፖርቱን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። አራት ፕሮፔለር ያለው ትንሽ ድሮን ፊቱ ላይ ካሜራ አለው። ምስሉ በቀጥታ ወደ አብራሪው መነጽር ይመጣል። አብራሪው መሬት ላይ ተቀምጦ ድሮኑ ውስጥ እንዳለ ሆኖ ያበራል፤ በተተከሉ በሮች መካከል እያለፈ ይሽቀዳደማል። ሜዳ ላይ የሚበሩት ድሮኖች በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳሉ። ባትሪው በእሽቅድምድም ጊዜ ሁለት ደቂቃ ገደማ ቢቆይ ነው። መሰባበር የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ፕሮፔለር እንደ ክብሪት ነው የሚያልቀው።

ከላይ የሚጀምረው፦ ኤፍኤአይ

ኤፍኤአይ በ1905 የተመሠረተ የዓለም የአየር ስፖርቶች ፌዴሬሽን ነው። መቀመጫው ስዊዘርላንድ፣ ሎዛን ነው። ፊኛው፣ ግላይደሩ፣ ፓራሹቱ፣ የሞዴል አውሮፕላኑ ሁሉ በእሱ ሥር ናቸው። የዓለም አቀፉ የኦሎምፒክ ኮሚቴ ዕውቅናም አለው። የድሮን እሽቅድምድምን የሚመራው በሞዴል አውሮፕላን ኮሚሽኑ በኩል ነው።

አሠራሩ ከላይ ወደ ታች ነው። በየአገሩ አንድ ብሔራዊ ኤሮ ክለብ አባል ይሆናል። ለምሳሌ በእስራኤል የእስራኤል ኤሮ ክለብ ነው። በአሜሪካ አባሉ ብሔራዊው የኤሮኖቲክስ ማኅበር ሲሆን፣ የሞዴል በረራውን ሥራ ግን ለኤኤምኤ (ለአሜሪካ የሞዴል በረራ አካዳሚ) ሰጥቶታል። ወደ ኤኤምኤ እመለሳለሁ። ብሔራዊው አካል ቡድን ይመርጣል፤ ቡድኑ ወደ ዓለም ሻምፒዮና ይሄዳል።

የመጀመሪያው የድሮን እሽቅድምድም የዓለም ሻምፒዮና የተካሄደው በኖቬምበር 2018 በቻይናዋ ሼንዘን ነው። ያሸነፈው ሩዲ ብራውኒንግ የተባለ የ15 ዓመት አውስትራሊያዊ ነበር። በሴቶች ምድብ ያሸነፈችው ደግሞ ታይላንዳዊቷ ዋንራያ ዋናፖንግ ናት። ዕድሜዋ 11 ነበር። በዓለም ሻምፒዮና የ11 ዓመት ልጅ መድረክ ላይ የምትወጣበት ሌላ ስንት ስፖርት አለ? ኤፍኤአይ ለሴቶችና ለታዳጊዎች የተለየ ምድብ ማዘጋጀቱ ትልቅ ነገር ነው። ሴት ልጅ ያላችሁ ወላጆች ይህን ቸል አትበሉት። ሜዳ ላይ ከሃያ ወንዶች መሃል አንዲት ልጅ ብቻ ስትሆን የሚሰማትን አይቻለሁ። ደንቡ ራሱ «ለአንቺም ቦታ አለሽ» ሲላት ልዩነት ያመጣል።

ከዚያ በኋላ ሻምፒዮናው በ2019 እንደገና ቻይና፣ በ2023 ደግሞ በደቡብ ኮሪያዋ ናምወን ከተማ ተካሂዷል። በ2022 አላባማ፣ በርሚንግሃም ላይ በተደረገው የዓለም ጨዋታዎች (ኦሎምፒክ ውስጥ የሌሉ ስፖርቶች የሚገናኙበት) ውድድር ድሮን እንደ አንድ ስፖርት ገብቷል። ይህ መንገድ የሚሰጠው ጥቅም ዕውቅና ነው። የስፖርት ሚኒስቴር በር ስታንኳኩ፣ ከተማ አስተዳደር ሜዳ ስትጠይቁ፣ ለልጅ የቪዛ ደብዳቤ ሲያስፈልግ፣ «ኤፍኤአይ» የሚለው ስም ያስከፍታል።

ችግሩ ግን ሌላ ነው። መሰላሉ ወደ ላይ ረጅም ነው፤ የመጀመሪያዋ እርከን ግን ከመሬት በጣም ትርቃለች። ለብሔራዊ ቡድን ለማይመረጥ ልጅ ኤፍኤአይ ቅዳሜ ጠዋት ምንም የሚሰጠው ነገር የለም። ደንቡን የሚያወጡት በኮሚሽን ስብሰባ ነው፤ ቴክኖሎጂው ደግሞ በየስድስት ወሩ ይለወጣል። ስለዚህ አዲስ ክለብ በኤፍኤአይ መጀመር የለበትም ባይ ነኝ። በአገሩ ሦስት አራት ክለቦች ኖረው እርስ በርስ መወዳደር ሲጀምሩ ያን ጊዜ ይሂዱበት።

ከታች የሚጀምረው፦ መልቲጂፒ

መልቲጂፒ በ2015 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ የአማተር አብራሪዎች ሊግ ነው። ዛሬ በብዙ አገሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅርንጫፎች አሉት። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማንም ሰው በሰፈሩ ቅርንጫፍ ይከፍታል። በሮች ይተክላል፤ ቀን ይቆርጣል፤ አብራሪዎች በድረ ገጹ ይመዘገባሉ። ማዕከሉ ደንቡን፣ የምድብ አወጣጡንና የውጤት መዝገቡን ይሰጣል። የቀረው ሥራ የቅርንጫፉ ነው።

ከሁሉ በላይ የምወድላቸው አንድ ነገር አለ። በየዓመቱ አንድ የማጣሪያ መስመር ንድፍ ያወጣሉ። በሮቹ የት የት እንደሚተከሉ፣ በመካከላቸው ስንት ርቀት እንዳለ፣ በስንት ዙር እንደሚበረር ሁሉ ተጽፏል። አንድ ቅርንጫፍ ፍሎሪዳ ላይ ይተክለዋል፤ ሌላው ጃፓን ላይ። ሁሉም ሰዓቱን ወደ አንድ ሰንጠረዥ ይልካል። ፈጣኖቹ ለፍጻሜው ይጠራሉ። አስቡት፤ ልጃችሁ የአውሮፕላን ትኬት ሳይቆርጥ፣ ከቤቱ አሥር ማይል ርቀት ላይ በርሮ፣ ከዓለም ምርጦች ጋር በአንድ ዝርዝር ላይ ስሙ ይወጣል። 740ኛ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥለው ወር 700ኛ ለመሆን ግን ይመለሳል። እኔ የምፈልገው መመለስ ይህ ነው።

ከማጣሪያው ሌላ ጥቂት በር ብቻ የሚፈልጉ የሰዓት ሙከራ መስመሮችም አሏቸው። ለአዲስ ክለብ ይህ በጣም ይጠቅማል፤ ሃያ በር የሚገዛበት ገንዘብ ማን አለው?

ሌላው የማይታይ ሥራ የቻናል ሥርዓት ነው። የአናሎግ ምስል የሚሄደው በ5.8 ጊጋኸርትዝ ሬዲዮ ነው። ቻናሎቹ ጥቂት ናቸው። እሽቅድምድም ላይ እያላችሁ አንድ ሰው ከኋላ በእናንተ ቻናል ድሮኑን ካበራ መነጽራችሁ ይጨልማል። ድሮናችሁም ዛፍ ላይ ነው። ስለዚህ በየምድቡ ማን በየትኛው ቻናል እንደሚበር የሚደለድል ሥርዓት ያስፈልጋል፤ መልቲጂፒ ይህን አዘጋጅቶ ይሰጣል። ሰዓት የሚይዝ ነጻ ፕሮግራምም አለ፤ ሮተርሃዛርድ ይባላል። በጎ ፈቃደኞች የሠሩት ነው። ራስፕቤሪ ፓይ በተባለች ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በዜና አይወጣም፤ ክለብን በእግሩ የሚያቆመው ግን ይህ ነው።

አሁን ኤኤምኤ። ኤኤምኤ ማለት በ1936 የተመሠረተ የአሜሪካ የሞዴል በረራ አካዳሚ ነው። ማዕከሉ ኢንዲያና፣ መንሲ ውስጥ ነው። መልቲጂፒ ትልቁን ዓመታዊ ስብስቡን የሚያደርገውም በዚያው ሜዳ ነው። የኤኤምኤ አባልነት ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ኢንሹራንስ አለው። ይህን ቀለል አድርጋችሁ አትዩት። እኛ አንድ አዳራሽ ጠይቀን የመጀመሪያው ጥያቄ «ኢንሹራንስ አላችሁ?» የሚል ነበር። አልነበረንም። በሩ ተዘጋ። አሜሪካ ውስጥ ከሆናችሁ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ከ2024 ጀምሮ ከ250 ግራም በላይ የሆነ ድሮን ማንነቱን በሬዲዮ እያሳወቀ መብረር አለበት። ያለዚያ መብረር የሚቻለው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደሩ ዕውቅና በሰጣቸው ሜዳዎች ላይ ነው። ለብዙ ክለቦች ሜዳ ይህን ዕውቅና ጠይቆ ያስገኘው ኤኤምኤ ነው። ስፖርት ማሳደግ ማለት ለእኔ ዋንጫ ከመስጠት ይልቅ ይህን ወረቀት መሙላት ነው።

መልቲጂፒም ጉድለት አለው። ሁሉም ነገር የሚቆመው በቅርንጫፉ አዘጋጅ ትከሻ ላይ ነው። በሮቹን መኪናው ውስጥ የሚጭነው እሱ፣ ጠዋት የሚተክለው እሱ፣ ማታ የሚነቅለው እሱ። ሁለት ዓመት ይሠራና ይደክመዋል፤ ቅርንጫፉም አብሮት ይተኛል። ክለብ ስታቋቁሙ ከመጀመሪያው ቀን ሦስት አዘጋጅ ይኑራችሁ። ሁለት አይበቃም። አንዱ ሲጓዝ ሌላው ይታመማል።

ቴሌቪዥንና ትልቅ ገንዘብ

በማርች 2016 ዱባይ ላይ የዓለም ድሮን ፕሪ የሚባል ውድድር ተደረገ። የሽልማቱ ድምር አንድ ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሉክ ባኒስተር የተባለ የ15 ዓመት እንግሊዛዊ ቡድኑን ይዞ 250,000 ዶላር አሸነፈ። ዓለም ሁሉ ዘገበው። ውድድሩ ግን በየዓመቱ የሚቀጥል ሊግ አልሆነም። በ2022 መጀመሪያ ላይ ደግሞ አገሪቱ፣ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ፣ ለመዝናኛ ድሮን ማብረርን አገደች። ገደቡ መላላት የጀመረው በ2025 ነው፤ ያውም መጀመሪያ ለድርጅቶች። ዱባይና አቡ ዳቢ ያላችሁ ወገኖች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አንድ ሚሊዮን ዶላር አንድ ቅዳሜና እሁድ አደመቀ። ለሰፈሩ ልጅ የሚበርበት ሜዳ አልተወለትም።

የድሮን ሬሲንግ ሊግ (ዲአርኤል) የበለጠ የታሰበበት ነበር። ኒኮላስ ሆርባቼቭስኪ በ2015 መሠረተው። የመጀመሪያው ወቅት በ2016 በኢኤስፒኤን የስፖርት ቴሌቪዥን ተላለፈ። በስታዲየም ውስጥ በመብራት ያጌጠ መስመር ይሠሩ ነበር፤ ሁሉም አብራሪ ሊጉ ራሱ የሠራውን አንድ ዓይነት ድሮን ያበር ነበር። በ2017 ሬሰርኤክስ በተባለው ድሮናቸው በሰዓት 263 ኪሎ ሜትር ገደማ በርረው የጊነስ መዝገብ ውስጥ ገቡ። በ2024 ኢንፊኒት ሪያሊቲ የተባለ ኩባንያ በ250 ሚሊዮን ዶላር እንደሚገዛው ተነገረ።

ለስፖርቱ ዕድገት ያበረከቱት ትልቁ ነገር ለእኔ ሲሙሌተሩ ነው። በኮምፒውተር ላይ የሚበር ጨዋታ አወጡ፤ በእሱ ማጣሪያ አደረጉ፤ ያሸነፈው እውነተኛ አብራሪ ሆኖ የ75,000 ዶላር ውል ተፈረመለት። ድሮን ነክቶ የማያውቅ ልጅ ከመኝታ ቤቱ ተነስቶ ሊግ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ነበር።

ግን የንግድ ሊግ ሥራው ተመልካች ማብዛት ነው። ከስንት ሺህ ተመልካች ስንት አብራሪ እንደሚወጣ የሊጉ ጉዳይ አይደለም። ባለቤቱ ሲቀየር ዕቅዱም ይቀየራል። ስለዚህ ለልጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ ቪዲዮውን ለስፖንሰር ለማሳየት ተጠቀሙበት። ክለባችሁን ግን በእሱ ላይ አትመሥርቱ።

አንድ ዓይነት ድሮን ወይስ እንደየኪሱ?

በየትኛውም ጥላ ሥር ብትገቡ ይህን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ። እንዲያውም ከጥላው ምርጫ የበለጠ ይህ ነው የክለቡን ዕድሜ የሚወስነው።

ክፍት ምድብ ማለት ሁሉም የፈለገውን ሞተርና ባትሪ ገጥሞ ይመጣል ማለት ነው። መጀመሪያ ደስ ይላል። ልጆች ብየዳ ይማራሉ፤ ስለ ቮልቴጅ ይከራከራሉ። በስድስተኛው ወር ግን የአንዱ አባት ውድ ሞተር ይገዛል። ሌላው ይከተላል። አቅም የሌለው ልጅ ሁልጊዜ የመጨረሻ ይወጣል። ከዚያ «ቅዳሜ ትምህርት አለኝ» ይላል። ትምህርት የለውም።

የተወሰነ ምድብ ማለት ሁሉም አንድ ዓይነት ሞተር፣ አንድ ዓይነት ፕሮፔለር፣ አንድ ዓይነት ባትሪ። ዲአርኤል በዚህ ነበር የሚሠራው፤ መልቲጂፒም እንዲህ ያሉ ምድቦች አሉት። ከተሸነፍክ ጣትህ ዘግይቶ ነው እንጂ የአባትህ ኪስ አንሶ አይደለም። ለጀማሪ ክለብ ያለ ምንም ማወላወል ይህን እመርጣለሁ።

ከዚህም ውስጥ ታይኒ ሁፕ የሚባለውን። ሠላሳ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ፕሮፔለሮቹ በቀለበት የተሸፈኑ፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ ድሮን ናት። ግድግዳ ብትመታ ትነጥራለች፤ ሰው ብትመታ እምብዛም አትጎዳውም። ሪሞቱንና መነጽሩን ጨምሮ የተሟላ የጀማሪ ዕቃ ከ150 እስከ 250 ዶላር ባለው ውስጥ ይገኛል። በሩ ሁላ ሁፕ (ልጆች ወገባቸው ላይ የሚያሽከረክሩት ቀለበት) ሊሆን ይችላል። የወንበር እግር ሥርም ማለፍ ይቻላል። ደግሞም አናሎግ መነጽር ምረጡ። ዲጂታሉ ምስሉ ይጠራል፤ ነገር ግን ለክለብ ስታስቡ ማንኛውም እንግዳ በርካሽ መነጽር ቻናል ከፍቶ የሚያይበት አናሎጉ ነው። ያ ሽማግሌ ለእህቴ ልጅ ያደረጉለትን አስታውሱ።

የምትኖሩበት ቦታ ምርጫውን ይለውጠዋል

ዲሲና አካባቢው ላለን ይህ በጣም ወሳኝ ነው። ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ 15 ማይል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ድሮን ከቤት ውጭ ማብረር ክልክል ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አርሊንግተን ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። ድሮኗ ሠላሳ ግራም ናት ብላችሁ መናፈሻ ውስጥ አታብሩ። የአቪዬሽን ሕጉ ግን ጣራ ሥር አይገባም። የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት ጂም፣ የኮሚኒቲ ማዕከል፣ ይቻላል። ስለዚህ ለእኛ አካባቢ በአዳራሽ ውስጥ የሚበሩት ታይኒ ሁፖች ምርጫ ብቻ ሳይሆኑ ዋናው መንገድ ናቸው። ከዲሲ ርቃችሁ ሜዳ ላይ ስታበሩ ደግሞ መነጽር ያደረገ አብራሪ ጎን ድሮኑን በዓይኑ የሚከታተል ሌላ ሰው መቆም አለበት። ሕግ ነው። ለወላጅ የሚሆን ጥሩ ሥራም ነው።

ኢትዮጵያ ላላችሁ ድሮን ለማስገባትም ለማብረርም የኢንሳ (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር) ፈቃድ ያስፈልጋል። ዘመድ በሻንጣ ይላክልኝ ብላችሁ አትሞክሩት፤ ኤርፖርት ላይ ይቀራል። ሲሙሌተር ግን ፈቃድ አይጠይቅም። ቬሎሲድሮን ወይም ሊፍትኦፍ፣ አንድ ሪሞት በዩኤስቢ ተሰክቶ፣ መካከለኛ ላፕቶፕ ላይ። በቬሎሲድሮን ላይ የመልቲጂፒ መስመሮችን ማብረር ይቻላል። ጣት የሚለምደው እዚያ ነው። ፈቃድ የሚያገኝ የዩኒቨርሲቲ ክበብ ወይም ማኅበር አንድ ቀን ሲነሳ የሠለጠነ አብራሪ ይጠብቀዋል።

እኔ ብሆን

ከአሥር የማትበልጡ ወላጆችና ልጆች ከሆናችሁ፦ በአዳራሽ፣ በታይኒ ሁፕ፣ የመልቲጂፒ ቅርንጫፍ ሆናችሁ ጀምሩ። አሜሪካ ውስጥ ከሆነ አዘጋጆቹ የኤኤምኤ አባል ይሁኑ፤ አዳራሽ የምትጠይቁት ከዚያ በኋላ ነው። አውሮፓ ወይም እስራኤል ከሆናችሁ ኢንሹራንሱን የአገሩን የሞዴል በረራ ማኅበር ጠይቁ፤ ከኤፍኤአይ ጋር የሚያገናኛችሁም አብዛኛውን ጊዜ ያው መሥመር ነው፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ ታገኛላችሁ። ሦስት ክለቦች ሆናችሁ ከሆነ፣ ወይም ለብሔራዊ ቡድን የምትመጥን ልጅ ካለቻችሁ፣ ኤፍኤአይን ያን ጊዜ አስቡት። መብረር የተከለከለበት ቦታ ከሆናችሁ በሲሙሌተር ተገናኙ፤ በሳምንት አንድ ምሽት፣ በአንድ መስመር፣ ሰዓታችሁን ጽፋችሁ አስቀምጡ።

ለመጀመሪያው ቀን ሁለት ትርፍ መነጽር፣ ሃምሳ ትርፍ ፕሮፔለርና እሳት የማይበላው የባትሪ ከረጢት ያስፈልጋችኋል። አዳራሹንም ሁለት ቅዳሜ ተከራዩ፤ የሁለተኛውን ቀን የመጀመሪያው ላይ ለመጡት ሁሉ ከመሄዳቸው በፊት ንገሯቸው።